የቀይ ባሕር ጠረፍ ሌሊትና የእንቅልፍ ጥበብ

በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው «ክረምት» ሲባል ጭጋግ፥ ዝናብና ወፍራም ጋቢ ይታሰቡታል። በምጽዋ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ደጋው በሐምሌ ዝናብ ሲርስ የቀይ ባሕር ጠረፍ በእሳት እንደ ተከበበ ይግላል፤ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፥ ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ እምብዛም ዝቅ አይልም። ስለዚህ የጠረፉ ሕዝብ እንቅልፉን ያገኘው ከአየሩ ችሮታ ሳይሆን በብዙ ትውልድ ብልሃት ነው።

የሰው አካል ወደ እንቅልፍ ሲያመራ የውስጥ ሙቀቱን በቆዳው በኩል አስወጥቶ በጥቂቱ መቀዝቀዝ ይገባዋል። አየሩ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ግን ላብ በቶሎ አይተንም፤ ሙቀቱም መውጫ ያጣል። የጥንት ሰዎች ይህን ምክንያት በመጽሐፍ ባያነቡት እንኳ ከኑሮ ተምረውታል።

የመጀመሪያው ብልሃት አልጋ ነው። በሰሜን ሱዳን በከርማ፥ አሜሪካዊው ጆርጅ ራይስነር ከ1913 እስከ 1916 እ.ኤ.አ. ባካሄደው ቁፋሮ፥ ከ3500 ዓመት በፊት የሞቱ መኳንንት በእንጨት አልጋ ላይ ተጋድመው እንደ ተቀበሩ ታወቀ። የአልጋዎቹ እግሮች በበሬ እግር አምሳል የተቀረጹ ነበሩ። በሱዳን እስከ ዛሬ «አንገረብ» የሚባለው አልጋ በገመድ ወይም በጠፍር ይታታል፤ የደጋው ሰው ከሚያውቀው የጠፍር አልጋ ጋር ይዛመዳል። ጥቅሙም ግልጽ ነው፤ ነፋስ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ስለሚያልፍ የተኛው ሰው ጀርባ በላብ አይዘፈቅም።

ሁለተኛው ብልሃት የቤቱ አሠራር ነው። ቱርኮች ምጽዋን በ1557 እ.ኤ.አ. ከያዙ በኋላ ባሉት ዘመናት፥ የከተማዋ ነጋዴዎች ቤታቸውን ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ አቁመው መስኮቱን በእንጨት ፍርግርግ ሸፈኑት። ፍርግርጉ ፀሓይን ይከለክላል፥ ነፋስን ያስገባል፥ የቤተሰቡንም ገመና ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ወፍራም ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ ሰዎች ሲመሽ ክፍሉን ትተው በሰገነት ወይም በደጃፍ አልጋ ዘርግተው ይተኛሉ።

ከቤት ውጭ መተኛት ግን ሌላ ጠላት አለው፤ እርሱም ትንኝ ነው። ሄሮዶቱስ በ5ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲጽፍ፥ ከግብፅ ሰዎች አንዳንዶቹ ትንኝን ሽሽት በከፍታ ላይ እንደሚተኙ፥ በረግረግ አገር ያሉት ደግሞ ቀን ዓሣ ያጠመዱበትን መረብ ማታ በአልጋቸው ዙሪያ እንደሚጋርዱት ተርኳል። ሮናልድ ሮስ የወባን ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። የአጎበር ልማድ እንግዲህ ከምክንያቱ ዕውቀት ቀድሞ ኖሯል።

የምጽዋ አሮጌ ቤቶች በ1921 እ.ኤ.አ. የምድር መናወጥ፥ በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጦርነት ብዙ ጉዳት ደርሶባቸዋል። በሞቃት አገሮች በየቦታው የቆርቆሮ ክዳንና የሲሚንቶ ግድግዳ በአሮጌው አሠራር ፈንታ ገብተዋል። ቆርቆሮ ዝናብን ይመልሳል፤ ቀን ግን የፀሓይን ግለት በቀጥታ ወደ ክፍሉ ያወርዳል። የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ያለው ሰው ይህን ይቋቋማል፤ የሌለው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያነጋል።

ይህ ታሪክ ለመምህራንና ለትምህርት ሹማምንት የቀረበ ጉዳይ ነው። በቆላ ትምህርት ቤት ጧት በክፍል የሚያንቀላፋ ልጅ ሁልጊዜ ሰነፍ አይደለም፤ ሌሊቱን በጋለ ቆርቆሮ ሥር ያሳለፈ ሊሆን ይችላል። እርሱን ከመቅጣት አስቀድሞ የት እንደ ተኛ መጠየቅ ይበጃል። የተማሪዎች ማደሪያ ሲሠራም በደጋ የተነደፈውን ፕላን እንዳለ ወደ ጠረፍ ከማውረድ፥ ነፋስ የሚያሳልፍ መስኮት፥ ጥላ ያለው ሰገነትና ለየአልጋው አጎበር ማሰናዳት ይገባል። ልጁ ነገ የሚሰጠውን ትምህርት የሚቀበለው ዛሬ ሌሊት በሚያገኘው ዕረፍት ነውና።