ስለ ጠማማ ቀስት፤ በመዝሙረ ዳዊት 77 ቁጥር 57 ላይ የተሰጠ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

አሳፍ በ77ኛው መዝሙር እስራኤልን ሲወቅስ በጠማማ ቀስት ይመስላቸዋል። የዕብራይስጡ ቃል አታላይ ቀስት ማለት ነው፤ ሰብዓ ሊቃናት ግን ጠማማ ብለው ተርጉመውታል። ጠማማ ቀስት ዒላማ እንደሚያስት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ቀስት እንዴት ያታልላል? ይህን ለማስተዋል የጥንቱን የቀስት አሠራር ማወቅ ይገባል።

ታሪክ። ቀስት በተሳበ ጊዜ ወደ ዒላማው የሚመለከተው ጀርባው ይለጠጣል፤ ወደ ቀስተኛው የሚመለከተው ሆዱም ይጨመቃል። ባዶ እንጨት አጭር ሆኖ አብዝተው ቢስቡት በጀርባው ተሰንጥቆ ይሰበራል። ስለዚህ ከእንጨት ብቻ የሚሠራ ብርቱ ቀስት ረጅም መሆን ነበረበት፤ ይህም በሠረገላ ለሚዋጋ ሰው አይመችም። የጥንት ብልሃተኞች መድኃኒቱን ከእንስሳ ጅማት አገኙት። ጅማቱን አድርቀው ይቀጠቅጡታል፤ እንደ ፈትል ይሰነጣጥቁታል፤ ከቆዳና ከጅማት ተቀቅሎ በወጣ ሙጫ ነክረውም በእንጨቱ ጀርባ ላይ በቁመቱ ይደርቡታል። በሆዱ በኩል ደግሞ ቀንድ ይለጥፉበታል። ሥራው ወራት ይፈጃል። ጅማቱ ሲደርቅ ስለሚኮማተር እንጨቱን ይጎትተዋል፤ አውታር የሌለበት ቀስትም ወደ ዒላማው ወገን ተቆልምሞ ይቀራል።

በኅዳር 1915 ዓመተ ምሕረት በተከፈተው በግብፅ ንጉሥ በቱታንክአሙን መቃብር እንዲህ ያሉ ቀስቶች ከ20 በላይ ተገኝተዋል። ሰናክሬምም በ701 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የይሁዳን ከተማ ላኪስን ሲከብብ ቀስተኞቹ እንዴት እንደ ተሰለፉ በነነዌ ቤተ መንግሥቱ በድንጋይ አስቀርጾታል።

ለዚህ ቀስት አውታር ማግባት ተፈጥሮውን ተቃውሞ ወደ ኋላ ማጠፍ ነው፤ ዕብራውያንም ቀስት መገተርን «መርገጥ» ይሉታል፤ በእግር ረግጠው ያጥፉት ነበርና። ሁለቱ ክንዶቹ ካልተስተካከሉ፥ ወይም እርጥበት ሙጫውን ካላላው፥ በተሳበ ጊዜ ይዞራል፤ አውታሩን ጥሎ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይገለበጣል።

ትርጓሜ። እንግዲህ ጠማማ ቀስት የተባለው ደካማው አይደለም። ደካማው ገና ሲነኩት ይታወቃል፤ ይህ ግን ብርቱ ነው፤ ተገትሮ ሲያዩትም ከመልካሙ አይለይም። ማታለሉ የሚገለጠው ጠላት በቀረበ ጊዜ ነው። ያው መዝሙር በቁጥር 9 የኤፍሬም ልጆች ቀስተኞች ሳሉ በሰልፍ ቀን እንደ ተመለሱ ይናገራል፤ የተመለሱትም መሣሪያ አጥተው አይደለም።

አንድም፤ አውታር የተባለው ኪዳን ነው። ያለ አውታር ቀስት ፍላጻ አይሰድድም፤ ያለ ኪዳንም የሰው ኃይል ፍሬ አይሰጥም። ካህን በክህነቱ፥ ሹምም በመሐላው ተገትሮ ይታያል፤ ነገር ግን የሁለቱም መስተካከል የሚታወቀው በሰላም ቀን ሳይሆን በሚሳቡበት ቀን ነው። ብርታቱ የበዛ ሰው ሲገለበጥ የሚያደርሰው ጉዳትም የዚያኑ ያህል ይበዛል።

አንድም፤ ብልሃተኛ የጠመመውን ቀስት ቸኩሎ አይሰብረውም፤ በለዘብታ እሳት አሙቆ ክንዱን ያቀናዋል እንጂ። መዝሙሩም በጠማማው ቀስት አይፈጸምም፤ እግዚአብሔር ዳዊትን ከበጎች ጉረኖ ወስዶ ሕዝቡን እንዲጠብቅ እንደ ሾመው ተናግሮ ይፈጽማል። ስለዚህ የጠመመ ሁሉ እሳት ሳይበርድ፥ ሰልፉም ሳይደርስ፥ ለሚያቀናው እጅ ራሱን ይስጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።