የቫለንበርግ ቤት በስዊድን ባንክና ኢንዱስትሪ ታሪክ

ከ1932 እስከ 1976 ድረስ፤ በ1936 በመካከሉ ከገቡት ጥቂት ወራት በቀር፤ የስዊድንን መንግሥት የመራው የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ፓርቲው በሠራተኛው ማኅበር ላይ የቆመ፣ የባለጠጋውን ገቢ በከባድ ግብር የሚቀንስ ፓርቲ ነው። በዚያው ዘመን ግን የአገሪቱን የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ የስልክ፣ የማሽንና የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ከቦርዱ ወንበር ላይ ሆኖ የሚመራ አንድ ቤተ ሰብ ነበረ። ይህ ቤተ ሰብ ዙፋን አልነበረውም፤ ከብዙዎቹ ኩባንያዎችም ግማሹን አክሲዮን እንኳ አልያዘም። ታዲያ እንዴት አዘዘባቸው? የሠራተኛው መንግሥትስ እንዴት ታገሠው? ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው።

ስለዚህ ቤት የሚናገሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ነገሩን ሁሉ በሀብት ብዛት ያስረዳል፤ በ1960ዎቹ ዓመታት የስዊድን ኮሙኒስቶች መሪ የነበረው ካርል ሄንሪክ ሄርማንሶን የአገሪቱ ካፒታል በአሥራ አምስት ቤተ ሰቦች እጅ መግባቱን ዘርዝሮ መጻፉ ይታወቃል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ምክንያቱ የሰዎቹ ችሎታና ትጋት ነው ይላል። እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ከፊሉን እውነት ይዘዋል፤ ነገር ግን በስዊድን ሌሎች ባለጠጎችም ሌሎች ትጉሃንም ነበሩ፤ በሦስተኛው ትውልድ ግን ብዙዎቹ ተበታትነዋል። የቫለንበርግን ቤት ከሌሎቹ የለየው፤ አደጋ ወይም አዲስ ሕግ በመጣ ቁጥር ሥልጣኑን የሚያኖርበትን ዕቃ እየለወጠ መኖሩ ነው። ዕቃው በመጀመሪያ ባንክ ነበረ፤ ቀጥሎ የአክሲዮን መያዣ ኩባንያ፣ በመጨረሻም ለሳይንስ የቆመ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆነ።

መሥራቹ አንድሬ ኦስካር ቫለንበርግ በ1816 በሊንሸፒንግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሆሜርን ወደ ስዊድን ቋንቋ የተረጐመ ሊቅ ሲሆን በኋላም የዚያው አገር ጳጳስ ሆኗል። ልጁ ግን ለመጻሕፍት አላደረም፤ የባሕር ኀይል መኰንን ሆነ። በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሳለ የ1837ቱ የባንኮች ቀውስ ደረሰ። ስለዚህ ባንክ ምን እንደ ሆነ የተማረው ባንኮች ሲዘጉ በማየት ነው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በስዊድን የመጀመሪያዋን ባለ ፕሮፔለር የመንገደኞች የእንፋሎት መርከብ በካፒቴንነት መራ፤ እንጨት ወደ ውጭ አገር በሚላክበት በሰሜኑ የሱንድስቫል ወደብም አገለገለ። በኋላም በምክር ቤት ገብቶ ስለ ባንክ ሕግ አጥብቆ የሚከራከር ሰው ሆነ።

በ1856 የስቶክሆልም ኤንሺልዳ ባንክን አቆመ። ትርጓሜው የስቶክሆልም የግል ባንክ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ የነበሩት የግል ባንኮች በአብዛኛው ራሳቸው ያወጡትን ኖት እያበደሩ የሚኖሩ ነበሩ። አዲሱ ባንክ ግን ከሕዝቡ ተቀማጭ ገንዘብ በወለድ መሰብሰብን ዋና ሥራው አደረገ። በየቤቱ በሣጥን ተቈልፎ የነበረ ገንዘብ በዚህ መንገድ ወጥቶ ለእንጨት መሰንጠቂያ፣ ለብረት ማቅለጫና ለምድር ባቡር ብድር ሆነ። መሥራቹ ለዘመኑ እንግዳ የሆነ ሌላም ነገር አደረገ፤ በ1864 በባንኩ ውስጥ ሴት ሠራተኛ ቀጠረ። ይህንም ብዙ ሰው እንደ ድፍረት ሳይቈጥረው አልቀረም።

ነገር ግን ባንኩ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት። በዘመኑ ሕግ መሠረት ባለ ድርሻዎቹ ለባንኩ ዕዳ እስከ ግል ንብረታቸው ድረስ ተጠያቂዎች ነበሩ። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ምድር ባቡር በየአቅጣጫው ሲዘረጋ ባንኩ የባቡር ኩባንያዎችን የዕዳ ወረቀት በብዛት ገዛ፤ በ1873ም ለባቡር ሥራ የሚያስፈልገውን ዕቃ የሚሠራ አትላስ የተባለ ፋብሪካ እንዲቋቋም አደረገ። ወዲያው የዓለም ንግድ ቀዘቀዘ። ወረቀቱን የሚገዛ ጠፋ፤ በ1878 መጨረሻም አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማውጣት በባንኩ በር ተሰለፉ። ቤቱ በመጀመሪያው ትውልድ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። ያዳነውም መንግሥት ነው፤ በ1879 በባቡር ኩባንያዎቹ ወረቀት ዋስትና ብድር የሚሰጥ የመንግሥት ፈንድ ተቋቋመና ባንኩ ተነፈሰ። ስለ ግል ሥራና ስለ ነፃ ንግድ ታላቅ ምሳሌ ተደርጎ የሚነገርለት ቤት፤ በጭንቁ ቀን የተደገፈው በሕዝብ ገንዘብ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲለው እንወዳለን።

ከዚህ ቀውስ ሌላም ነገር ተከተለ። የተበደሩት ፋብሪካዎች መክፈል ሲያቅታቸው ባንኩ በዕዳው ፈንታ አክሲዮናቸውን ወሰደ። እንግዲህ የቫለንበርግ ቤት የኢንዱስትሪ ጌታ የሆነው መጀመሪያ አስቦበት ሳይሆን ያበደረው ገንዘብ አልመለስ ብሎት ነው። ካልጠፋ ገንዘብ ይልቅ የታመመ ኩባንያ በእጁ ገባ፤ የታመመውንም ማከም ግድ ሆነበት። አትላስ በ1890 እንደገና ተደራጅቶ ከባቡር ዕቃ ወደ አየር መጭመቂያና ወደ ድንጋይ መሰርሰሪያ መሣሪያ ተሸጋገረ፤ ዛሬ አትላስ ኮፕኮ የሚባለው ኩባንያ መነሻው ይህ ነው።

አንድሬ ኦስካር በ1886 ሲሞት ሃያ ያህል ልጆች ወልዶ ነበር። እንደ አገራችን ባላባት ልማድ ርስቱ ለሁሉ ቢከፋፈል ኖሮ ዛሬ ስለዚህ ቤት የሚጻፍ ነገር ባልኖረም ነበር። የባንኩ አመራር ግን በሁለት የአባት ልጆች እጅ ጸና። ታላቁ ክኑት አጋቶን በፓሪስና በለንደን የሚታወቅ፣ ብድር የሚያገኝና የሚያስታርቅ ሰው ነበረ፤ ከ1914 እስከ 1917ም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኗል። ታናሹ ማርኩስ ሕግ የተማረ፣ የኩባንያ መዝገብ ገልብጦ በሽታውን የሚያገኝ ሰው ነበረ። አሴያ የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ በተዳከመ ጊዜ በ1903 ሲግፍሪድ ኤድስትሮም የተባለውን መሐንዲስ አምጥቶ ሾመበት። በ1905ም ከኖርዌጁ መሐንዲስ ከሳም ኤይዴና ከፈረንሳይ ባንክ ጋር ሆኖ፤ በፏፏቴ ኀይል ከአየር ማዳበሪያ የሚያወጣውን ኖርስክ ሂድሮን አቋቋመ።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደርሰናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ባንኮች የኢንዱስትሪ አክሲዮን ለረጅም ጊዜ እንዳይዙ ሕጉ ጠበቀ። ሌላ ቢሆን አክሲዮኑን ይሸጥ ነበር። የቫለንበርግ ቤት ግን በ1916 ኢንቬስቶር የተባለ ኩባንያ አቁሞ አክሲዮኑን ወደዚያ አዛወረ። ሕጉ ባንኩን ከለከለ፤ የባንኩን ጎረቤት ግን አልከለከለም። በማግሥቱ ዓመት በ1917 ክኑት አጋቶንና ሚስቱ አሊስ፤ የአብራካቸው ልጅ ስላልነበራቸው፤ 20 ሚሊዮን ክሮኖር ሰጥተው በስማቸው የሚጠራ ለስዊድን ሳይንስና ትምህርት የሚረዳ ድርጅት አቋቋሙ። የስጦታውን ቸርነት አንነቅፍም፤ ብዙ የስዊድን ላቦራቶሪዎች በዚህ ገንዘብ ተሠርተዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ድርጅት አይሞትም፤ ወራሽም የለውም፤ ልጆች አይካፈሉትም። ቦርዱን የሚመሩት ግን የቤቱ ልጆች ናቸው። የአብራክ ልጅ ያልነበረው ክኑት አጋቶን ከወንድሞቹ ሁሉ ይልቅ ለቤቱ የማይሞት ወራሽ ተወለት ማለት ይቻላል።

ክኑት አጋቶን በ1890ዎቹ በስቶክሆልም አጠገብ ሳልትሾባደን የተባለችውን የባሕር ዳር ከተማ ከነሆቴሏና ከነባቡር መንገዷ አሠርቶ ነበር። በ1938 የስዊድን የሠራተኞች ማኅበርና የአሠሪዎች ማኅበር ሥራ ማቆምንና መዝጋትን በሥርዓት ለመወሰን የተዋዋሉት በዚያው ሆቴል ነው። ውሉን የፈጸሙት ማኅበሮቹ እንጂ ቤቱ አይደለም፤ ቢሆንም መንፈሱ ያለ ጥያቄያችንን በከፊል ይመልሳል። ሶሻል ዴሞክራቶቹ ወደ ውጭ አገር ሽጦ ግብር የሚከፍል፣ ለሠራተኛውም ደመወዝ የሚጨምር ጠንካራ ፋብሪካ ይፈልጉ ነበር፤ ቫለንበርጎቹ ደግሞ ንብረታቸው እንዳይወረስ ይፈልጉ ነበር። ሁለቱም የፈለጉትን አገኙ።

በ1932 የክብሪት ንጉሥ ይባል የነበረው ኢቫር ክሮይገር በፓሪስ ራሱን ሲገድልና የኩባንያዎቹ ሒሳብ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ፤ ለእርሱ ብዙ ካበደሩት ባንኮች መካከል የቫለንበርግ ባንክ አልነበረም። ከፍርስራሹም በስዊድን ክብሪትና በኤሪክሰን ውስጥ ሥፍራ አገኘ።

ሦስተኛው ትውልድ ያኮብና ታናሽ ወንድሙ ሁለተኛው ማርኩስ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያኮብ ስዊድን ከጀርመን ጋር ባደረገችው የንግድ ድርድር፣ ማርኩስ ደግሞ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ተሳተፉ። ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለው የአባቶቻችን ተረት ይህን ያህል የተፈጸመበት ጊዜ ጥቂት ይመስለናል። ለአንዲት ገለልተኛ አገር አስተዋይነት ነው ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን ባንኩ የጀርመኑን የቦሽ ኩባንያ የውጭ አገር ንብረት በስሙ ገዝቶ፤ ከጦርነቱ በኋላ ለቦሽ እንዲመለስ በምሥጢር መዋዋሉን በአስተዋይነት ልናልፈው አንችልም። አሜሪካኖች ይህን ባወቁ ጊዜ የባንኩንና የወንድማማቾቹን ገንዘብ አገዱ። በ1946 ያኮብ ከባንኩ ዋና ሥራ መሪነት ወረደ፤ ማርኩስም ተተካ። በሌላ በኩል ይኸው ያኮብ የሂትለር ተቃዋሚ ከነበረው ከካርል ጎርደለር ጋር ይገናኝ ነበር። የዚህን ሰው ሚዛን በአንድ ቃል መናገር አስቸጋሪ ነው።

ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ቫለንበርግ ከነዚህ አንዱም አይደለም። ራውል ቫለንበርግ የባንኩ ሰው አልነበረም፤ የመሥራቹ የልጅ ልጅ ልጅ ሲሆን በቤቱ ሥራ ውስጥ ሥፍራ አላገኘም። በ1944 በቡዳፔስት የስዊድን ሌጋሲዮን ጸሐፊ ሆኖ የመከላከያ ፓስፖርት እየሰጠ ብዙ ሺህ አይሁድን ካዳነ በኋላ በጥር 1945 ሶቪየቶች ያዙት፤ በ1957ም በ1947 በእስር ቤት ሞቷል ብለው አስታወቁ።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ዘመን የማርኩስ ዘመን ነው። የስካንዲናቪያን አየር መንገድ በማቋቋም፣ ሳብን በማሳደግ ደከመ። ሳብ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ ከ1947 ጀምሮ ለንጉሠ ነገሥቱ አየር ኀይል የመጡት የስዊድን አውሮፕላኖች የሳብ ሥራ ነበሩ። ይሁን እንጂ በውስጥ ቤቱ ይታመም ጀመር። ማርኩስ ባንኩ ለትልልቆቹ ኩባንያዎች ትንሽ ሆኗል ብሎ ከስካንዲናቪስካ ባንክ ጋር እንዲዋሐድ ፈለገ፤ ያኮብ የአያቱ ባንክ እንዲጠፋ አልወደደምና በ1969 ከቦርዱ ወጣ። ባንኩን ከ1958 ጀምሮ ይመራ የነበረው የማርኩስ ልጅ ማርክ በኅዳር 1971 በ47 ዓመቱ በገዛ እጁ ሞተ። ውሕደቱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በ1972 መጀመሪያ ተፈጸመ። 115 ዓመት የኖረው ባንክ ስም በሌላ ስም ውስጥ ገባ። ማርኩስ በ1982 ሲሞት ብዙ ሰው ቤቱ አብሮት ያበቃል ብሎ ነበር፤ ምራቱን የተቀበለው ግን እስከዚያ ድረስ ብዙ ያልተቈጠረለት ሁለተኛው ልጁ ፔተር ነው።

ባንኩ ሲቀር ሥልጣኑ ያልቀረበትን ምክንያት ለማየት የአክሲዮኑን ድምፅ መቍጠር ያስፈልጋል። በስዊድን ሕግ አንድ ኩባንያ ብዙ ድምፅና ጥቂት ድምፅ ያላቸው ሁለት ዓይነት አክሲዮኖች ማውጣት ይችላል። በኤሪክሰን ለረጅም ዘመን የአንዱ ዓይነት አክሲዮን ድምፅ የሌላውን 1000 እጥፍ ነበረ። የቤቱ ድርጅቶች ከኢንቬስቶር ካፒታል ሩብ እንኳ የማይሞላ ይዘው የድምፁን ግማሽ ያህል ይዘዋል፤ ኢንቬስቶር ደግሞ በተራው በሌሎቹ ኩባንያዎች እንዲሁ ያደርጋል። ሠራተኛው ከትርፉ አክሲዮን እየገዛ ቀስ በቀስ ባለቤት እንዲሆን በ1970ዎቹ የታሰበው ፈንድ በ1983 ተዳክሞ ሕግ ሆነ፤ ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን ያነሡት ሠራተኞች ሳይሆኑ የውጭ አገር ባለ አክሲዮኖች ናቸው። በ2004 የኤሪክሰን የድምፅ ልዩነት ከ1000 ወደ 10 ወረደ፤ ኢንቬስቶር ግን በኩባንያው ቦርድ ውስጥ ወንበሩን አልለቀቀም።