ቤንዚኑን አይርገሙት
ከነቀምቴ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። መንገዱ ከዚያ ቁልቁል ወደ ሞቃቱ ዲዴሳ ሸለቆ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ መልሶ ሽቅብ ይወጣል። ካርቡራቶር ያለው የቤንዚን መኪና የሚፈተነው እዚህ ዳገት ላይ ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በአንድ ወዳጄ አሮጌ መኪና ስንሄድ፣ ዳገቱን ጨርሰን ቡና ልንጠጣ ቆምን። ሩብ ሰዓት ቆይተን ብንመለስ ሞተሩ አልነሳ አለ። ጠዋት በዚያ ብርድ ቁልፍ ገና ሲነካ የተነሳ ሞተር! ወዳጄ ወዲያው ፈረደ፤ «ውኃ ቀላቅለው ሸጡልኝ!» ቀጂውን ከነዘር ማንዘሩ ሰደበው። ባትሪው እስኪደክም ቁልፉን አዞረ፤ ፔዳሉንም ደጋግሞ ረገጠ።

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም። በደርግ ዘመን ቤንዚን በኩፖን ሲታደል የኖረ ሰው ጠብታዋን ሁሉ ይጠራጠራል። ግን ውኃ ቢኖርበት ኖሮ ያን ሁሉ ዳገት እንዴት ወጣ?

በዚያ ሲያልፍ የነበረ አንድ የነቀምቴ መካኒክ ኮፈኖውን ከፍቶ አሸተተ፤ ካንዴላውን ፈትቶ አየ፤ ርሷል። «መምህር፣ ቤንዚኑን አይርገሙት፤ ፈልቶ ነው» አለኝ። (ሰዳቢው እኔ አልነበርኩም፤ ግን ዝም ብዬ ሰማሁ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ሲሄድ ነፋሱም፣ የሚፈሰው ቤንዚንም ካርቡራቶሩን ያበርዱታል። ሲጠፋ የሞተሩ ግለት ወደ ላይ ይወጣል። ቤንዚን እንደ ውኃ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፤ ቀላሉ ክፍሉ 40 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መፍላት ይጀምራል፤ ከፍታ ላይ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ። በካርቡራቶሩ ቋት ያለው ገንፍሎ ሞተሩን ያፍነዋል። ያን ጊዜ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ይዞ ማስነሳት ነው፤ ደጋግሞ መርገጥ ግን ቤንዚን ይጨምራል። ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቧንቧው ውስጥ ተን ሞልቷል፤ ፖምፓው ደግሞ ለፈሳሽ እንጂ ለተን አልተሠራም። መድኃኒቱ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ መታገሥ ነው። ትዕግሥት ያጡ ሰዎች ቤንዚን በካርቡራቶሩ አፍ ያፈሱበታል። ሞተሩ እሳት ከተፋ ፊት የሚለበልበው ያኔ ነው።

እኔን የገረመኝ ቋንቋው ነው። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ኮፈኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ቆይቶ ተባረረ፤ አገር ውስጥ የቀሩት መካኒኮቹ ግን ጋራዥ ከፍተው ሙያውን ከነስሙ አስተማሩ። ነቀምቴ ላይ በኦሮምኛም ተናገሩ በአማርኛ፣ ካንዴላ ካንዴላ ነው። ጠላት ብዙ ነገር ወስዷል፤ ይህን ግን ትቶልን ሄደ።

ዛሬ በአዳዲሶቹ ሞተሮች ቤንዚኑ ከታንኩ በግፊት ስለሚላክ በቀላሉ አይፈላም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ቤንዚንን በአፍንጫው የሚመረምር መካኒክ የሚተካው እያጣ ነው።

የእኛዋ መኪና ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሳች። ስንመለስ ወዳጄ እዚያው ማደያ ቆሞ ቀዳ። ሰላምታውን አበዛ፤ ቀጂው ግን ለምን እንደሆነ አልገባውም።