የቴሌብር ማጭበርበር

ገንዘብ የገባ የሚያስመስል የሐሰት አጭር መልእክት ልኮ ብር የመንጠቅ ወንጀል ነው። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የሆነው ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ለሚነግድ ባለሱቅም ሆነ ለነዋሪው ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል።

አጭበርባሪው የሐሰት መልእክቱን ከላከ በኋላ ይደውላል፦ «እናቴ፣ ብር በስህተት ልኬልዎት ነው፤ ልጄ ታማብኛለች፣ ይመልሱልኝ።» የሚያጠምደው ርኅራኄን ነው፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

የቴሌብር መልእክት ግን ከ127 እንጂ ከተራ የሞባይል ቁጥር አይመጣም። ከመመለስ በፊት በ*127# ቀሪ ሂሳብን ማየት ያስፈልጋል፤ ካልጨመረ የተላከ ብር የለም። የምስጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም፤ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚልም ቢሆን።

በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ድርጊቱ በእስራት ያስቀጣል። የደረሰውን መልእክትና የደዋዩን ቁጥር ሳይሰርዙ ለፖሊስ ማሳየት ለምርመራው ይረዳል።