ቤንኩቢናይት፦ በብረት የበለጸገው ብርቅዬ ሜትዮራይት

ሜትዮራይት ከጠፈር ተነሥቶ የምድርን ከባቢ አየር በማለፍ መሬት ላይ የሚያርፍ አለት ነው። አብዛኞቹ ሜትዮራይቶች ድንጋያማ ሲሆኑ፣ የብረት ይዘታቸው አነስተኛ ነው። ከእነዚህ በእጅጉ የሚለየው ቤንኩቢናይት ወይም ሲቢ ኮንድራይት የተባለው ብርቅዬ ዓይነት ነው። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1930 በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ቤንኩቢን በተባለ ስፍራ አቅራቢያ ከተገኘው ሜትዮራይት ነው።

የማዕድን ይዘቱ

ከይዘቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የብረትና የኒኬል ቅይጥ ሲሆን፣ በአንዳንዶቹ ውስጥ ቅይጡ በድቡልቡል እንክብል መልክ ይታያል። ከዚሁ ጋር ትሮይላይት የተሰኘ የብረትና የድኝ ውህድ ይገኛል። ቀሪው ክፍል ኦሊቪንና ፓይሮክሲን የተባሉ ማዕድናትን የያዙ፣ ቀልጠው የጠጠሩ የድንጋይ እንክብሎች ናቸው። እንደ ሶዲየም ያሉ በሙቀት በቀላሉ የሚተኑ ንጥረ ነገሮች ግን በውስጡ እጅግ አነስተኛ ናቸው።

ሳይንሳዊ ፋይዳው

የሥርዓተ ፀሐይ የመጀመሪያዎቹ ጠጣር ነገሮች የተፈጠሩት ከ4,567 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ነው። የቤንኩቢናይት እንክብሎች ዕድሜ ከዚህ በ5 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ያንሳል። በመሆኑም በርካታ ተመራማሪዎች እንክብሎቹ የተፈጠሩት ሁለት ታላላቅ የጠፈር አካላት ተጋጭተው ካስነሡት ትኩስ እንፋሎትና ቅላጭ ነው ብለው ያምናሉ።

ከጉጅባ የሚገኘው ትምህርት

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 1984 በሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ ጉጅባ አካባቢ 100 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ቤንኩቢናይት ወድቋል። ይሁንና አብዛኛው ክፍል በአካባቢው ነዋሪዎች በመዶሻ ተሰባብሮ ተበታትኗል። እንዲህ ያለ አለት ሲሰባበር ስለ አወዳደቁና ስለ አቀማመጡ የሚሰጠው መረጃ አብሮ ይጠፋል።

ተመሳሳይ አለት ሲገኝ

ክብደት ወይም ማግኔት መሳብ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ማግኔታይት የተባለው ማዕድንና ከብረት ማቅለጫ የሚወጣ ዝቃጭም ይህ ባሕርይ አላቸው። ስለሆነም አግኚው፦

• አለቱን ከመስበር፣ ከማጠብና ከማሞቅ መቆጠብ፤
• ከማንሣቱ በፊት ፎቶግራፍ ማንሣትና ቦታውን መመዝገብ፤
• በደረቅ ንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ማግኔት ደጋግሞ አለማስጠጋት፤
• በአቅራቢያው ለሚገኝ የማዕድን ጽሕፈት ቤት ወይም ለዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ማሳወቅ

ይጠበቅበታል። የአለቱ ምንነት የሚረጋገጠው በቤተ ሙከራ ምርመራ ብቻ ነው።