ፊርማው ምን ይመሰክራል?

አንድ አሮጌ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል እጃችሁ ቢገባ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? አብዛኞቻችን ሽፋኑንና ዋጋውን እናያለን። መጽሐፍ ሰብሳቢዎች ግን ቶሎ ብለው የውስጡን ገጽ ይገልጣሉ። የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው፤ መጽሐፉ የመጀመሪያ እትም መሆኑንና ደራሲው በገዛ እጁ የፈረመበት መሆኑን። ሁለቱ የተገናኙበት ቅጂ ብዙ ገንዘብ ሊያወጣ ይችላል። ለምን ይመስላችኋል? መልሱን ከአንድ መጽሐፍ ታሪክ እንፈልገው።

አየርላንዳዊው ጄምስ ጆይስ ስለ ትውልድ ከተማው ሰዎች የጻፋቸውን አጫጭር ታሪኮች «ደብሊነርስ» ብሎ ሰየማቸውና እ.ኤ.አ. በ1905 በለንደን ለሚገኘው አሳታሚ ለግራንት ሪቻርድስ ላከለት። አሳታሚው ተቀበለው፤ ማተሚያ ቤቱ ግን ነውር አለበት ብሎ እምቢ አለ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ አታሚውም ጭምር ተጠያቂ ነበርና ፈራ። ውሉ ፈረሰ። ጆይስ የብዙ አሳታሚዎችን ደጅ ከጠና በኋላ በ1909 ማውንሰል ከተባለው የደብሊን አሳታሚ ጋር ተዋዋለ። በ1912 ግን ታትሞ የነበረው የ1,000 ቅጂ ያህል ወረቀት በአታሚው እጅ ጠፋ። ጆይስ ያተረፈው አንድ የማረሚያ ቅጂ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ አየርላንድን ለቆ ወጣ፤ ዳግመኛም አልተመለሰባትም።

በ1914 ያው ግራንት ሪቻርድስ 1,250 ቅጂ አሳተመ። ውሉ ከባድ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 500 ቅጂዎች ደራሲው ምንም አያገኝም፤ እንዲያውም 120 ቅጂ ራሱ ሊገዛ ተስማማ።

አያችሁ? የመጀመሪያ እትም የሚከበረው ወረቀቱ ስላማረ አይደለም። ማንም ሳያጨበጭብ፣ ደራሲው ገና ሳይታወቅ የወጣው ያ ስለሆነ ነው። በዚያው ወቅት የተፈረመ ቅጂ ደግሞ ደራሲና አንባቢ በዚያ ቀን መገናኘታቸውን ይመሰክራል። ስለዚህ ዝና ከመጣ በኋላ ከተጻፈ ፊርማ ይልቅ ቀድሞ ለወዳጅ የተጻፈው ይበልጥ ይፈለጋል።

ምስክር ግን ሐሰተኛም ይኖራል። ፊርማን አስመስለው የሚጽፉ አሉ። አስተዋይ ሰብሳቢ መጽሐፉ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ ይጠይቃል፤ የእትሙን ዓመትም ከደራሲው ዕድሜ ጋር ያስተያያል። ደራሲው ካረፈ በኋላ በታተመ ቅጂ ላይ ፊርማው ቢገኝ ውሸቱ በራሱ ይጋለጣል።

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። ታደሰ ሊበን «መስከረም» የተባለውን የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ያሳተመው በ1949 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ትውልድ መጻሕፍት አንዱ በአያታችሁ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ገልጣችሁ ዓመተ ምሕረቱን ተመልከቱ። የተቀደደውን በፕላስተር አታጣብቁት፤ ሙጫው ወረቀቱን ይጎዳዋል። በመጽሐፍ ምረቃ ላይ ስትገኙም ደራሲውን ከፊርማው ጋር ቀኑንና ቦታውን እንዲጽፍላችሁ ለምኑት። ያ ደራሲ ዛሬ ማንም የማያውቀው ጀማሪ ሊሆን ይችላል። መጽሐፉን ገዝታችሁ ማንበባችሁ ግን ጆይስ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ነገር ነው።