ሸክሙ ከትከሻ ወደ ትከሻ፦ የሐረር ቤት ታሪክና የወንጌሉ መንገድ



ዛሬ አብረን የምናስብበት ጉዳይ በስብከት ብዙም አይነሳም፤ ነገር ግን ሁላችንም ማታ ቤታችን ስንገባ እናገኘዋለን። እሱም የቤት ውስጥ ሥራ ነው። ሊጡን ማን ያቦካል? ውሃውን ማን ይቀዳል? ሕፃኑ ሌሊት ሲያለቅስ ማን ይነሳል? ሐዋርያው ጳውሎስ በገላትያ 6፥2 አንዳችን የሌላችንን ሸክም እንድንሸከም ያሳስበናል። ይህን ምክር ብዙ ጊዜ ለኀዘንና ለመከራ ቀን እናስቀምጠዋለን። በየማለዳው ስለሚነሳው ሸክምስ ምን ይለናል? መልሱን ለማግኘት በሐረር ታሪክ ውስጥ ጥቂት እንጓዝ።

ከፎቶው ውጪ የቀረው ክፍል

ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብታለች። ወደ አንድ የሐረሪ ቤት የሚገባ እንግዳ ዓይኑ ከፍና ዝቅ ብለው በተሠሩት መደቦች ላይ፣ ከዚያም ግድግዳውን በሞላው ባለ ቀለም ስፌት ላይ ያርፋል። ስፌቱ የሴቶች እጅ ሥራ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ጥበብ ነው። ምግቡ የሚበስልበት ስፍራ ግን ከዋናው ክፍል ተነጥሎ በግቢው ውስጥ ነው። ፎቶ የሚያነሳው እንግዳ ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። ይህ የሐረር ብቻ አይደለም፤ በደጋውም አገር ማድ ቤቱ ከጓሮ ነው።

የሐረር ሴቶች ይህን ሸክም ለየብቻቸው ብቻ አልተሸከሙትም። አፎቻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር በሠርግና በለቅሶ ጊዜ ጎረቤትን ያሰባስባል፤ የወንዶች አፎቻ አለ፣ የሴቶችም አለ። እድርን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በአፎቻ ሴት የሴትን ሸክም ስታግዝ ኖራለች። ሸክሙ ግን ከሴቶች ክበብ አልወጣም።

ሸክሙ ወደ ታች ሲወርድ

ከዚህ በታች ደግሞ ሌላ ሰው ነበር። ሐረር ከመሐል አገር ወደ ዘይላና ወደ በርበራ በሚወርደው የሲራራ ንግድ መንገድ ላይ የነበረች ከተማ ናት። በዚያ መንገድ ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አላለፈም፤ ሰውም እንደ ሸቀጥ አልፏል። በአሚሮቹ ዘመንም ሆነ ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ እጅ ከገባች በኋላ፣ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ባለጸጋ ቤት እህል የሚፈጩት፣ ውሃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚሸከሙት ባሪያዎች ነበሩ። የእመቤቲቱ እጅ ያረፈው ሥራው ስለተከፈለ አይደለም፤ ስሟ በማይጠራ ሌላ ሴት ጫንቃ ላይ ስለወደቀ ነው።

ከሐረር አቅራቢያ በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱትና ሐረርን ያስተዳደሩት ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1916 ዓ.ም. ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ታላቅ ነገር ነበር፤ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ነገር ግን ባሪያው ነጻ ሲወጣ ሥራው ከቤቱ አልወጣም። ታዲያ ማን ወሰደው?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መልሱን በግልጽ ጽፎታል። በአንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ ተደረገ። ስለ ቤት ውስጥ ሥራ ደግሞ ባል አገልጋይ ሊቀጥርላት ካልቻለ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ተደነገገ። ልብ በሉ፤ ሕጉ ሁለት ትከሻ ብቻ ያውቃል፤ የአገልጋይና የሚስት። ሦስተኛው ትከሻ፣ የባል፣ አልታሰበም። አርባ ዓመት ቆይቶ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አለቅነት ሽሮ ባልና ሚስት በቤተሰባቸው አመራር እኩል መብት እንዲኖራቸው አደረገ። የሐረሪ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ሕግ ግን ድስት አያጥብም። ዛሬም ብዙ ቤት ውስጥ ሸክሙ ከገጠር በመጣች ልጃገረድ ላይ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለግል አገልግሎት በቤት ውስጥ የተቀጠሩትን ከሽፋኑ ውጪ ትቷቸዋል።

እንግዲህ የታሪኩን ክር ስንስበው አንድ ነገር እናያለን። ሸክሙ ከትከሻ ወደ ትከሻ ይዞራል፤ ሁልጊዜም ወደ ታች። ከጌታ ወደ ባሪያ፣ ከባል ወደ ሚስት፣ ከእመቤት ወደ ሠራተኛ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ። ተላለፈ እንጂ አልተከፈለም።

ሥራው የሴት ነውን?

አንዳንድ ወገኖች ተፈጥሮ እንዲህ ከፍሎታል ይላሉ። እስቲ ሐረርን እንጠይቃት። በጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ የሚነሳ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪና ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹም በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ለክፍያ ሲሆን መርፌና ክር የወንድ ሙያ ነው፤ ቤት ውስጥ የልጁ ሱሪ ሲቀደድ ግን መርፌው የእናት ይሆናል።

ውሃውም እንደዚሁ ነው። ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ ከተማይቱ ክፉኛ ተጠማች፤ በኋላም ከድሬዳዋ አካባቢ ከሚገኙ ጉድጓዶች በቧንቧ ውሃ እስኪመጣላት ድረስ ጀሪካን የኑሮ መለኪያ ሆኖ ነበር። ውሃ የሚሸጥ ነገር ሲሆን ወንድ በአህያና በጋሪ ያመላልሰዋል። የማይሸጠው፣ ለቤት የሚቀዳው ጀሪካን ግን የሴት ጀርባ ይፈልጋል። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው የሥራው ዓይነት አይደለም። ገንዘብና ክብር ያለበት ቦታ ወንድ ይገኛል፤ ሁለቱም በሌሉበት ሴት ትቀራለች።

ማዕድ ያገለገለው ወንጌላዊ

አሁን ወደ መጽሐፍ ቅዱሳችን እንመለስ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን የገጠማት ችግር የምግብ ክፍፍል ነበር። የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በየዕለቱ እደላ ተዘነጉ፤ ማጉረምረምም ተነሳ። ሐዋርያት ነገሩን ንቀው አላለፉትም። በመንፈስና በጥበብ የተሞሉ ሰባት ወንዶች ተመርጠው ለማዕዱ ተሾሙ። የሰባቱንም ስም ብታነቡ የግሪክ ስም ነው፤ ሥራው በተበደለው ወገን ዓይን እንዲታይ የተደረገ ይመስላል።

አንዳንዶቻችን ይህን ክፍል፣ ቃሉ ከማዕድ ስለሚበልጥ ሰባኪ ሳህን አይነካም ለማለት እናነበዋለን። ግን በግሪኩ ዲያቆንያ የሚለው ያው ቃል ለዕለቱ እደላም (ቁጥር 1) ለቃሉ አገልግሎትም (ቁጥር 4) ተነግሯል። ሁለቱም አገልግሎት ናቸው። ውጤቱን በቁጥር 7 ተመልከቱ፤ ማዕዱ በፍትሕ ሲከፈል የእግዚአብሔር ቃል እያደገ ሄደ፤ የደቀ መዛሙርት ቁጥርም በዛ።

ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ ነበር። በምዕራፍ 8 በጋዛ መንገድ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ የቀረበው እርሱ ነው። ወገኖች፣ ይህን እናስተውል። ለኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢየሱስን የሰበከለት፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የምናገኘው ያ አገልጋይ፣ አስቀድሞ ለመበለቶች ማዕድ የተመረጠ ወንድ ነው።

ጌታችን ራሱስ? በዮሐንስ 13 የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። ይህ በዚያ ዘመን የባሪያ ሥራ ነበር። በዮሐንስ 21 ደግሞ ከትንሣኤው በኋላ፣ ሞትን ድል ነስቶ፣ በባሕሩ ዳር ፍም አንድዶ ዓሣና እንጀራ አዘጋጀ፤ ሌሊቱን ሲደክሙ ያደሩትን ቁርስ ጋበዛቸው። የታሪክ ሸክም ወደ ታች ሲወርድ ጌታችን ከላይ ወርዶ ከታች ገባበት። የወንጌሉ መንገድ ይህ ነው።

ቤት ቤተ ክርስቲያን በሆነ ጊዜ

በአገራችንም ምስክር አለን። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ታሰሩ። ይህች ቤተ ክርስቲያን የተነሳችበት የሜኖናይት ሚሲዮን በሐረርጌም፣ በደደርና በበዴኖ፣ በትምህርትና በሕክምና አገልግሏል። አዳራሽ ሲዘጋ ምእመናን በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተሰበሰቡ፤ በዚያ የጭንቅ ዘመንም ቁጥራቸው በብዙ እጥፍ ጨመረ። ሳሎን መቅደስ ሲሆን እንግዳ መቀበልና ቤት ማሰናዳት የአምልኮው ክፍል ሆነ። ያን ዘመን ስናስታውስ በቤት የሚሠራውን ሥራ ከመንፈሳዊው በታች ማድረግ አንችልም።

ከእኛ እምነት ውጪ ካሉትም የምንማረው አለ። በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ፣ በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሥራን በጾታ አይከፍልም። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፤ ሴቷ ታርሳለች። ለዚህም ከጎረቤት ተገልለዋል፤ በደርግ ዘመንም ቀያቸውን ለቀው ተሰደዋል። የሃይማኖት አመለካከታችን ይለያያል፤ ግን ሥርዓት ከምጣድ ጀምሮ ሊለወጥ እንደሚችል አሳይተውናል።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ እናስተውል። ባልና ሚስት አንድ ማታ ተቀምጠው የቤቱን ሥራ ሁሉ ይቁጠሩት። ጨው ማለቁን ማስታወስ፣ የልጁን የክትባት ቀን መያዝም ሥራ ነው፤ ይቆጠር።

ሁለተኛ ቋንቋችንን እንመልከት። ባል «ላግዝሽ» ሲል በጎ ነው፤ ግን ቃሉ ሥራው የእርሷ ነው ይላል። «ይሄ የእኔ ድርሻ ነው» ማለት ይሻላል። ሦስተኛ ወንዶች ልጆቻችን ጓዳ ይግቡ። አራተኛ በቤታችን የምታገለግል እህት ካለች የዕረፍት ሰዓት፣ የትምህርትና የአምልኮ ጊዜ ይኑራት፤ የእኛ ፍትሕ በእርሷ ድካም አይገንባ። በመጨረሻም በኅብረታችን ከሻይ በኋላ ኩባያውን ማን እንደሚያጥብ እንይ። ሽማግሌዎች ወንበሩን ትተው ወደ ባልዲው ቢሄዱ ወጣቱ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይማራል።

ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ላላችሁ ወዳጆቻችን ደግሞ ይህን እንላለን። እኛ የምናመልከው ጌታ ፎጣ የታጠቀ ጌታ ነው። ከደከሙት ጋር ከማድ ቤት ጀምሮ ይቆማል። ቅረቡት፤ አይገፋችሁም።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ ስላጠብኸው እግርና ስላነደድኸው ፍም እናመሰግንሃለን። በየቤታችን የማይታየውን ድካም የምታይ አንተ፣ ዓይናችንን ክፈትልን። ሸክማችንን በፍቅር የምንከፋፈልበትን ጸጋ ስጠን። ቤቶቻችን የመንግሥትህ ምስክር ይሁኑ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።